ዕጩ የሒሳብ መምህራንን በሲሙሌሽን (በማስመሰል ልምምድ) ለማሠልጠን «ተማሪውን» እንዴት እናዘጋጀው?

በሕክምና ትምህርት ቤቶች ጤነኛ ሰው የታማሚን ታሪክ አጥንቶ በተማሪው ሐኪም ፊት እንደ በሽተኛ የሚቀርብበት ልምምድ፣ የነርቭ ሐኪሙ ሃዋርድ ባሮውስ በ1963 እ.ኤ.አ. በሎስ አንጀለስ ከጀመረው ወዲህ እየተስፋፋ መጥቷል። ሜጋን ሾኔሲና ቲሞቲ ቦርስት የተባሉ ተመራማሪዎች በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመሳሳይ አሠራር ለሒሳብ መምህራን ሥልጠና ተጠቅመውበታል፤ በእነርሱ ዘንድ የታማሚውን ቦታ የሚይዘው አንድ የሒሳብ ጥያቄ ሠርቶ የመጣ ልጅ ሲሆን፣ ልጁን ሆኖ የሚቀርበው አሠልጣኙ ነው። በመምህራን ኮሌጅ በማይክሮ ቲቺንግ (ዕጩው በጓደኞቹ ፊት አጭር ትምህርት በሚሰጥበት ልምምድ) ያለፈ አንባቢ ልዩነቱን ልብ ይበል፦ እዚያ የሚመዘነው በዋናነት ዕጩው ሲያስረዳ ነው፣ እዚህ ግን ሲጠይቅና ሲያዳምጥ ነው።

በመጀመሪያ ልጁ የሠራበት ወረቀት ይዘጋጃል። ብዙዎቻችን የተሳሳተ መልስ መምረጥ ይቀናናል፤ እኔ ግን መልሱ ትክክል ሆኖ መንገዱ ያልተለመደውን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ዕጩው ትክክለኛ መልስ ሲያይ «ጎበዝ» ብሎ ለማለፍ ይቸኩላል። ለምሳሌ 52 − 27 የተሰጠው ልጅ ከሥሩ 30፣ ቀጥሎ 5፣ በመጨረሻም 25 ጽፏል እንበል። 30 የመጣው ከ50 ላይ 20 ተቀንሶ እንደሆነ በቀላሉ ይታያል፤ 5 ግን ከየት መጣ? ልጁ ከአስር ቤት አልተበደረም፤ ከ2 ላይ 7 ለመቀነስ 5 እንደሚጎድለው አይቶ፣ ጉድለቱን ከ30 ላይ አነሳው።

ከሁሉም ይበልጥ ጊዜ የሚወስደው ልጁን በጽሑፍ ማስፈር ነው፤ ምን እንደሚያውቅ፣ በምን ቃል እንደሚናገር፣ ካልተጠየቀ ምን እንደማይናገር አስቀድሞ ይወሰናል። «እንዴት ሠራኸው?» ሲባል «መጀመሪያ ትልልቆቹን ቀነስኩ፣ ከዚያ ትንንሾቹን» ብሎ ዝም ይላል። 5ን ጠቁሞ «ይቺስ?» ላለው «ከ2 ላይ 7 ለመውሰድ 5 ጎደለኝ» ይላል፤ ከ30 ላይ ለምን እንደቀነሰው ግን ለብቻው ካልተጠየቀ አይናገርም። ዕጩው መበደርን ማስተማር ከጀመረ ልጁ አንገቱን እየነቀነቀ «እሺ» ብቻ ይላል፤ ዕጩው ምንም ሳያውቅ ሰዓቱ እንዲያልቅበት የምታደርገው ይህች «እሺ» ናት። ጽሑፉ ከሌለ አሠልጣኙ ለሚወደው ዕጩ ሳይታወቀው ፍንጭ ይሰጣል፣ ሃያኛው ዕጩ ሲገባ ደግሞ ደክሞት መልሱን ያሳጥራል። (ድምፅን እንደ ሕፃን ማቅጠን አያስፈልግም፤ ሳቅ ብቻ ነው የሚያመጣው።)

ጊዜውን በተመለከተ፣ ዕጩው ወረቀቱን አይቶ እንዲዘጋጅ 10 ደቂቃ፣ ከ«ልጁ» ጋር እንዲነጋገር 5 ደቂቃ ይበቃዋል። ከዚያ አሠልጣኙ ልጅነቱን ትቶ፣ ልጁ ምን አስቦ እንደሠራና ዕጩው ይህን ከየትኛው መልስ እንደተረዳ ይጠይቀዋል። መጨረሻ ላይ 64 − 28 ሰጥቶ ልጁ ምን እንደሚጽፍ ያስገምተው፤ 40፣ 4፣ 36 ብሎ በቅደም ተከተል የሚያስቀምጥ ዕጩ የልጁን መንገድ ይዞታል፣ 36ን ብቻ የሚናገር ግን የራሱን ስሌት ነው የነገረን።

ልጁን የሚጫወቱት ሁለት አሠልጣኞች ከሆኑ፣ አንዱ እየጠየቀ ሌላው እየመለሰ አስቀድመው ይለማመዱ፤ ጽሑፉ ያላሰበው ጥያቄ በመጣ ቁጥርም መልሱን ተስማምተው፣ ቀጣዩ ዕጩ ከመግባቱ በፊት ይጻፉት።