«ከባድ ጉዳት» ብሎ መጻፍ አይበቃም

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወረድ ያለውን የሐረጎ ጠመዝማዛ የማያውቅ የወሎ ሰው የለም። እዚያ የተጎዳ አንድ ልጅ ካርድ እጄ ገብቶ ነበር። «የመኪና አደጋ፣ ከባድ» ይላል፣ አለቀ። ጭንቅላቱ ይሁን እግሩ አይታወቅም። አንጀቴን በላኝ። የአደጋ መረጃ የምትሰበስቡ ልጆች፣ ደጋግሜ ያየኋቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ።

አንደኛው፣ የፖሊስን ቃል እንደ ሐኪም ቃል መውሰድ ነው። ትራፊክ ፖሊስ ሞት፣ ከባድ፣ ቀላል ብሎ ይመዘግባል፤ ለሥራው ይበቃዋል። ለምርምር ግን ኤ አይ ኤስ የሚባል መለኪያ አለ። መጀመሪያ የወጣው በ1971 እ.ኤ.አ. ነው። እያንዳንዱን ጉዳት ለብቻው ከ1 እስከ 6 ያስቀምጠዋል። 1 ቀላል ነው፤ 6 አሁን ባለው ሕክምና የማይተርፉት ነው። የአውሮፓ ኅብረት «ከባድ ጉዳተኛ» የሚለው 3 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ጉዳት ያለበትን ሰው ነው።

ሁለተኛው፣ «ባጃጅ ገጨው» ብሎ ማቆም። እሱ መነሻው ነው፣ ጉዳቱ አይደለም። ሁለቱም ይጻፉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ድምሩ ላይ ነው። አንድ ሰው የጭኑ አጥንት ተሰብሯል፣ 3። ቅልጥሙም ተሰብሯል፣ 2። ጉበቱ በትንሹ ተቀዷል፣ 2። ቆዳው ተላልጧል፣ 1። እነዚህን ደምሮ 8 የሚል አይቻለሁ። እንደዚያ አይደለም! የሰውየውን አጠቃላይ ጉዳት የሚለካው አይ ኤስ ኤስ ሰውነትን በ6 ክፍል ይከፍላል። ከየክፍሉ ትልቁ ብቻ ይወሰዳል፤ ጭንና ቅልጥም አንድ ክፍል ስለሆኑ ቅልጥሙ ይቀራል። ከዚያ የሦስቱ በጣም የተጎዱ ክፍሎች ቁጥር እያንዳንዱ በራሱ ይባዛና ይደመራል፦ 9 ሲደመር 4 ሲደመር 1፣ 14። ጣሪያው 75 ነው። አንዲት 6 ካለች ሌላ ስሌት የለም፣ በቀጥታ 75 ይሆናል።

ሌላው፣ ሰውየው ስለሞተ ብቻ ቁጥሩን ከፍ ማድረግ። ደረጃው የሚሰጠው ለጉዳቱ ነው። በትንሽ ጉዳት ዘግይቶ የታከመ ሰው ሊሞት ይችላል፤ ቁጥሩን ካሳደጋችሁት መዘግየቱ ይሸፈናል። እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው፤ የገጠር መንገዳችን ችግር የሚታየው እዚያ ላይ ነውና።

ያልታወቀን ነገር 0 አትበሉ። ደረጃው ያልታወቀ ጉዳት 9 ይጻፍለታል፤ 9 ደግሞ ስሌት ውስጥ አይገባም።

በመጨረሻ፣ ሆስፒታል የመጣውን ብቻ አትቁጠሩ። ከሐይቅ ወይም ከመርሳ ገጠር ወጌሻ ጠግኖት ቤቱ የተኛ ሰው ካርድ የለውም። ከሆስፒታል ወጥቶ አደጋው በደረሰ በ20ኛው ቀን ያረፈም በመንገድ አደጋ ሞት ይቆጠራል፤ ዓለም አቀፉ ልማድ ከአደጋው እስከ 30 ቀን ነው። ስለዚህ ካርዱ ላይ የቤተሰብ ስልክ ካለ፣ በ30ኛው ቀን ደውላችሁ «እንዴት ሆነ?» በሉ።