ለፔርጎላ የሚስማማውን ቦታ መምረጥ
ፔርጎላ በቋሚዎች ላይ አግዳሚ እንጨት ተደርድሮ የሚሠራ የግቢ ጥላ ነው። ቦታውን ለመምረጥ መጀመሪያ አራት ካስማ ተክለው 3 በ3 ሜትር በሲባጎ ይከልሉ። ጠረጴዛና ወንበሮቹን አስገብተው ይሞክሩ፤ ከወንበሩ ጀርባ እስከ ቋሚው 80 ሴንቲ ሜትር ካልተረፈ ተነሺው ሁሉ ይጋጫል። ልጆቹ የሚጫወቱበትም ከዚያው ሊታይ ይገባል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በጥላው ነው። ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘቀዝቅ የጣሪያው ጥላ ከፔርጎላው ሥር ወጥቶ ወደ ምሥራቅ ይሸሻል፤ ጠረጴዛው ፀሐይ ላይ ይቀራል። ቤተሰቡ የሚሰበሰበው ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ከሆነ በምዕራብ በኩል ግድግዳ ወይም ዛፍ ያለበትን ይምረጡ፤ ከሌለ በዚያ ጎን ሐረግ ያሳድጉ። ዛፉ ሥር ግን አይቆፍሩ፤ ከቅርንጫፎቹ ጫፍ ውጭ ይሁን።

ውሃ የሚተኛበት ቦታ ፈጽሞ አይሆንም። 50 ሴንቲ ሜትር ቆፍረው ውሃ ይሙሉ፤ እስከ ማግስቱ ካልሰረገ የእንጨቱ ቋሚ ከሥሩ ይበሰብሳል። ከመቆፈርዎ በፊት የተቀበረ ቧንቧና የኤሌክትሪክ ገመድ አለመኖሩን ያረጋግጡ።