ስታምፕ ኮንክሪት፦ ቀለምና ዲዛይን ስንመርጥ የምንሳሳተው የት ላይ ነው?

ቤታችን ለገጣፎ ነው። የግቢውን ስታምፕ ኮንክሪት (ሳይደርቅ ቅርጽ ታትሞበት ድንጋይ ወይም ጡብ እንዲመስል የሚደረግ ባለቀለም ኮንክሪት) ያስነጠፍነው ሚያዝያ ላይ ነበር። ቀለሙን እኔ ነኝ ከስልክ ፎቶ አይቼ የመረጥኩት፤ ወደ ክሬም ያደላ፣ ነጣ ያለ። ሲያልቅ ያየው ሁሉ ወደደው። ሐምሌ ሲገባ ግን የሰፈሩ ዋልካ በመኪና ጎማና በጫማ ተለጥፎ ግቢያችንን ሞላው። በየቀኑ ብናጥብም መስመሮቹ ውስጥ የገባው ጭቃ አልለቅ አለ። ከዚያ ወዲህ ዘመድም ጎረቤትም ሊያስነጥፍ ሲል አብሬ እሄዳለሁ፤ ግንበኞቹንም እጠይቃለሁ። ኮንክሪት አንዴ ከደረቀ እንደ ግድግዳ ቀለም ነገ አይቀየርም። ስለዚህ ያየኋቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ።

የሰፈሩን አፈር መርሳት

ከከተማው ዳር የምንኖር ሰዎች ግቢ ከአፈር አያመልጥም። አስፋልቱ ሩቅ ይቀራል፤ ከዚያ ኮሮኮንች ነው፣ ከዚያ ጭቃ። በቡራዩና በእንጦጦ ግርጌ በኩል ቀይ አፈር ይበዛል። በለገጣፎ፣ በገላንና በቱሉ ዲምቱ በኩል ደግሞ ጥቁር ዋልካ። ካታሎግ ከመክፈታችሁ በፊት በራችሁ ላይ ያለውን ጭቃ እዩ። ቀይ አፈር ካለ ጡብ የሚመስል ወይም ቡናማ ቀለም ይስማማል፤ አቧራው ቢያርፍበትም አይጮህም። ዋልካ ላይ ላለ ሰው መካከለኛ ግራጫ ወይም ግራጫ የገባበት ቡናማ ይሻላል።

«እንግዲያው ጥቁር ላድርገውና ልገላገል» የሚልም አለ። አያዋጣም። በበጋ ደረቅ አቧራ ጥቁር ላይ ጎልቶ ይታያል። ከሲሚንቶው ውስጥ ከእርጥበት ጋር የሚወጣው ነጭ ጨው መሰል ነገርም ጥቁር ላይ ፍጥጥ ይላል። ፀሐይ ላይ ደግሞ በባዶ እግር አያስረግጥም።

በፎቶ መወሰን

ፎቶ ላይ የምታዩት ግቢ ብዙ ጊዜ ሲለር (ኮንክሪቱን ከላይ የሚሸፍነው መከላከያ ቅብ) ገና የተቀባ ነው። ሲለር ቀለሙን ያደምቀዋል፤ ውሃም እንደዚያው። ሲለሩ ሲሳሳ ያው ቀለም ገርጥቶ ይታያል። የምትጠቀሙት ሲሚንቶና አሸዋም የራሳቸው መልክ ስላላቸው ቀለሙን ይለውጡታል። ግንበኛው በዚያው በእናንተ ሲሚንቶና አሸዋ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር ናሙና ይሥራላችሁ። ይድረቅ፣ ሲለር ይቀባ። ከዚያ ጠዋት እዩት፣ እኩለ ቀን ላይ እዩት፣ ውሃ ደፍታችሁም እዩት። ለናሙና የሚወጣው ገንዘብ ትንሽ ነው፤ እባካችሁ አትዝለሉት።

ከደማቅ ሰማያዊና አረንጓዴም ተጠንቀቁ። እኛ ያለነው ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው፤ ፀሐዩ ኃይለኛ ነው። ርካሽ ደማቅ ቀለሞች ቶሎ ይለቃሉ። ከብረት ኦክሳይድ የሚሠሩት ቀይ፣ ቢጫና ቡናማ ግን ፀሐይ ይችላሉ። የቡራዩን አፈር ያቀላው ራሱ የብረት ኦክሳይድ ነው፤ ስንት ዘመን ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ አልነጣም።

በዓይን መቀላቀል

ቀለሙ ከኮንክሪቱ ጋር የሚቦካ ከሆነ በሚዛን ይለካ። ከሲሚንቶው ክብደት 10 በመቶ ማለፍ የለበትም፤ ለ50 ኪሎ ከረጢት ቢበዛ 5 ኪሎ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ግማሹም ይበቃል። ውሃውም በየሚክሰሩ እኩል ይሁን። ውሃ የበዛበት ሲደርቅ ይነጣል፤ ግቢው ድሪቶ ይመስላል።

ግቢው ምን እንደሚሠራበት አለማሰብ

የእኛ ግቢ መኪና ማቆሚያ ብቻ አይደለም። በርበሬ ይሰጣበታል፤ ስንዴና ሽምብራ ይደርቅበታል። በዓል ሲመጣ በግ ይታረዳል። ቡና ይፈላል። ጥልቅ መስመር ያለው የድንጋይ ቅርጽ መርጣችሁ እህል ብታሰጡ ግማሹ ስንጥቁ ውስጥ ይቀራል። የበግ ስብና ደም ገብቶበት በነጣ ቀለም ላይ ሲደርቅ ደግሞ ለማስለቀቅ ጭንቅ ነው። ስለዚህ ከማጀት በር አጠገብ ያለውን ክፍል ለይታችሁ መስመሩ የማይጠልቅ፣ እንደ ጠፍጣፋ ድንጋይ ለስለስ ያለ ቅርጽ አድርጉት፤ ቀለሙንም ጠቆር አድርጉት። ረከቦት የሚቀመጥበት ቦታም ቢሆን ስኒው እንዳይወላገድ ለጥ ያለ ይሁን። የከሰል ምድጃ ግን የትም ቢሆን በቀጥታ አታስቀምጡ፤ ሙቀቱ ሲለሩን ያበላሸዋል።

የቅርጹን መጠን ከቦታው ጋር አለማመዛዘን

ጠባብ መተላለፊያ ላይ ትልልቅ ድንጋይ የሚመስል ቅርጽ ከዳር ከዳር ይቆረጥና ያስጠላል። ሰፊ ግቢ ላይ ደግሞ ደቃቅ ቅርጽ ዓይን ያደክማል። ኮብልስቶን የሚመስለውን በተመለከተ የእኔ አቋም ግልጽ ነው፦ ከበራችሁ ውጭ እውነተኛው ኮብልስቶን ከተነጠፈ ሌላ ምረጡ። በእጅ ከተጠረበ ድንጋይ ጎን ሲታይ አስመስሎ የተሠራው ያሳዝናል።

የጆይንቱን (ኮንክሪቱ የሚቆረጥበትን) መስመር አስቀድሞ አለመሳል

10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ኮንክሪት በየ2.5 እስከ 3 ሜትሩ መቆረጥ አለበት፤ ያለዚያ ራሱ በፈለገው ቦታ ይሰነጠቃል። ቀጥ ያለ መስመር ያለው ዲዛይን ይህን ቁርጥ ይደብቃል። ወጣ ገባ የድንጋይ ቅርጽ ላይ ግን መሃል ለመሃል ያቋርጠዋል። ከመነጠፉ በፊት ግንበኛው የት እንደሚቆርጥ መሬቱ ላይ በኖራ ያሳያችሁ። ዋልካ ላይ ከሆናችሁ ደግሞ አፈሩ ተቆፍሮ ወጥቶ በሰሌክት (ተመርጦ በሚመጣ የማያብጥ ሙሌት) ካልተተካ የትኛውም ዲዛይን አያድናችሁም። ዋልካ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሸበሸባል።

ለማብለጭለጭ ብሎ መንሸራተትን መርሳት

የሚያብረቀርቅ ሲለር ቀለሙን ያስጌጣል፤ ዝናብ ሲነካው ግን ያንሸራትታል። በሩ ተዳፋት ከሆነ ሸካራ ቅርጽ ምረጡ፤ ሲለሩ ውስጥም መንሸራተትን የሚከላከል ብናኝ ይግባ። ሲለር በየ2 ወይም በየ3 ዓመቱ ስለሚደገም ያለፈውን ለማረም ዕድል ይሰጣል። እኛም ዘንድሮ ዝናቡ ሳይገባ ቀለም በተቀላቀለበት ሲለር ያንን ክሬም ወደ ግራጫ አጠቆርነው። እናቴ በከዘራ ስለምትሄድ ከበሩ እስከ በረንዳው ባለው መንገድ ላይ ብናኙን አስጨመርን። ነሐሴ ላይ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ የማንንም ክንድ ሳትይዝ በዝናብ ገባች።