የቤት እጣቢን በጠጠርና በሸምበቆ ማጣራት

የመጀመሪያውን የጠጠር ገንዳዬን በስድስተኛው ወር በአካፋ ዝቄ አውጥቼዋለሁ። ውሃው መስረጉን ትቶ ላይ ላዩን ይተኛ ጀመር፤ ሽታው የተበላሸ እንቁላል ሆነ። ጠጠሩን በእጄ ስዘግን እርስ በርሱ ተጣብቆ፣ በመካከሉ ያለው ክፍተት ሁሉ በሚያሙለጨልጭ ግራጫ ቅባት ተሞልቶ ነበር። ጠጠሩም ሸምበቆውም ምንም አላጠፉም፤ የወጥ ቤቱን ቱቦ ያለ ቅባት መያዣ በቀጥታ የለቀቅኩት እኔ ነበርኩ።

የማወራው ከገላ መታጠቢያ፣ ከልብስ ማጠቢያና ከወጥ ቤት ስለሚወጣው እጣቢ ነው። የሽንት ቤት ፍሳሽና የሕፃን ሽንት ጨርቅ የታጠበበት ውሃ እዚህ አይገቡም።

ከቅባት መያዣው ጀምሩ። እኔ 200 ሊትር የሚይዝ በርሜል ነው የቀበርኩት። መውጫው ከመግቢያው 5 ሳንቲሜትር ያህል ዝቅ ይበል፤ በመውጫው ላይ ቲ (ሦስት አፍ ያለው የቱቦ መገጣጠሚያ) ግጠሙና የታችኛውን እግሩን እስከ በርሜሉ ወገብ አውርዱት። ቅባት ይንሳፈፋል፣ ፍርፋሪ ይዘቅጣል፣ ከመሃል ያለው ውሃ ብቻ ያልፋል። ክዳኑ በቀላሉ የሚነሳ ይሁን፤ ካስቸገረ ማንም አይከፍተውም። እኔ በየሁለት ሳምንቱ ላዩ ላይ የተንሳፈፈውን ቅባት እገፍፋለሁ። እጣቢ ከአንድ ቀን በላይ ከተጠራቀመ ስለሚገማ በርሜሉን ከዚህ በጣም አታተልቁት።

የገንዳውን ስፋት በግምት አትወስኑ። 5 ሰው በቀን 60 ሊትር ቢያወጣ 300 ሊትር ነው። ውሃው ጠጠሩ ውስጥ 3 ቀን ይቆይ ካልን 900 ሊትር ቦታ ያስፈልገዋል። ከጠጠር ውስጥ ለውሃ የሚተርፈው ክፍተት ግን 35 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ 900ን ለ0.35 ስናካፍል 2,570 ሊትር፣ ማለትም 2.6 ሜትር ኩብ ያህል ይመጣል። የውሃው ጥልቀት 50 ሳንቲሜትር ከሆነ 5 ካሬ ሜትር ግድም ይበቃል። የእኔ አሁን 4.3 በ1.2 ሜትር ነው፤ ረዘም ማለቱ ውሃው በአቋራጭ እንዳያመልጥ ይረዳል።

ጉድጓዱ 60 ሳንቲሜትር ይጠልቃል፤ ወለሉ በየሜትሩ 1 ሳንቲሜትር ወደ መውጫው ያዘቀዝቃል። ከሥር አሸዋ፣ ከላዩ ወፍራም ፕላስቲክ አንጥፉ። ጠጠር ሳይገባ ውሃ ሞልታችሁ ዳሩ ላይ ምልክት አድርጉና አሳድሩት፤ በማግስቱ ከምልክቱ ከወረደ ቀዳዳውን የምትፈልጉት ያኔ ነው። ከመጠጥ ውሃ ጉድጓድም ቢያንስ 30 ሜትር ራቁ።

በመግቢያውና በመውጫው ግማሽ ግማሽ ሜትር ከ5 እስከ 8 ሳንቲሜትር የሆነ ድንጋይ፣ በመካከል ከ1 እስከ 2 ሳንቲሜትር ጠጠር ሙሉ። መታጠቡን ለማወቅ አንድ እፍኝ በብርጭቆ ውሃ ውስጥ በጥብጡት፤ ከብርጭቆው በስተጀርባ ጣታችሁ ካልታየ እንደገና እጠቡት።

መውጫው ወለሉ ላይ በገንዳው ወርድ የተጋደመ የተበሳሳ ቱቦ ነው፤ ጫፉ ከገንዳው ውጭ በኤልቦ (በክርን ቅርጽ በታጠፈ የቱቦ መገጣጠሚያ) ወደ ላይ ይታጠፋል። የኤልቦው አፍ ያለበት ከፍታ የውሃውን ልክ ስለሚወስን እንዲዞር ሆኖ ይገጠም። ተክሉ ሥር ከያዘ በኋላ ውሃው ሁልጊዜ ከጠጠሩ ፊት 10 ሳንቲሜትር በታች ይሁን። የላዩ ጠጠር ደረቅ ከሆነ ትንኝ መራቢያ አታገኝም፤ ሽታም አይወጣም።

ለተክሉ ሸምበቆ፣ ፊላ ወይም ካና (ሰፋፊ ቅጠል ያለው የአበባ ተክል) ይሆናል። ቡቃያ ያለውን ሥር ቆርጣችሁ በካሬ ሜትር 4 ያህል ትከሉ፤ እስኪይዝ ውሃውን ከፍ አድርጉለት። ጀርመናዊቷ የዕፅዋት ተመራማሪ ኬቴ ዛይዴል እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የረግረግ ተክሎችን በቆሻሻ ውሃ መሞከር ጀምራ ነበር። አብዛኛውን ሥራ የሚሠሩት ግን በጠጠሩና በሥሩ ላይ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ጣታችሁን ብታሳርፉባቸው እንደ ስስ ልባስ ያሙለጨልጫሉ። እስኪራቡ ሁለት ሦስት ወር ታገሡ፤ በረኪና ስለሚገድላቸው ወደዚህ መስመር አታፍስሱት።

የሚወጣው ውሃ ጥርት ቢልም አይጠጣም፤ ጥሬውን የሚበላ ቅጠልና ካሮትም አታጠጡበት። እኔ በፍራፍሬ ዛፎች ግርጌ፣ ከደረቅ ቅጠል ሥር አሰርገዋለሁ። የልብስ ዱቄት ሳሙና ጨው ስለሚበዛበት አፈሩን ይጎዳዋል፤ ፈሳሹ ይሻላል።

ሸምበቆውን በዓመት አንዴ እጨዱት። ያጨዳችሁትን ከገንዳው አርቁት፤ ጠጠሩ ላይ ከበሰበሰ ከውሃው የወሰደውን ሁሉ መልሶ ይለቅበታል።