የአሜሪካ ወታደራዊ ሜዳሊያ ላይ ያሉ ፊደላት፣ ቅጠሎችና ኮከቦች እንዴት ይነበባሉ?

በአሜሪካ ጦር ሁለት ወታደሮች አንድ ዓይነት ሜዳሊያ ሊያደርጉ ይችላሉ፤ አንዱ ተኩስ መሐል ገብቶ የቆሰለ ጓዱን በማውጣቱ፣ ሌላው መደበኛ ሥራውን በትጋት በመሥራቱ። ልዩነቱን የምትናገረው ሪባኑ ላይ የተሰካች ጥቂት ሚሊ ሜትር ብረት ናት። ልጁ ወይም ወንድሙ በአሜሪካ ጦር ያገለገለ ቤተሰብም፣ የኮሪያ ዘማች የነበረ አባቱን ኒሻኖች የያዘ ሰውም ይህችን ብረት በትክክል ማንበብ አለበት፤ በስህተት ከተነበበች ያልተሠራ ጀብዱ ይወራል፣ የተሠራውም ተረስቶ ይቀራል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከመጀመራችሁ በፊት ማስመሪያ፣ ማጉያ መነጽርና ጥሩ ብርሃን አዘጋጁ። ምልክቱን ከሪባኑ አትንቀሉት። ከኋላ የታጠፉት ቀጫጭን እግሮቹ ከተነቀሉ ይሰበራሉ፤ ምልክቱ የት ቦታ እንደነበረም ይጠፋል፤ ቦታው ደግሞ ራሱ ማስረጃ ነው።

1. መጀመሪያ የሜዳሊያውን ስም ለዩ

ምልክት ብቻውን ምንም አይናገርም። ትርጉሙን የሚያገኘው ከተሰካበት ሜዳሊያ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ብሮንዝ ስታር (ትርጉሙ “የነሐስ ኮከብ”) በተባለው ሜዳሊያና ሪባን ላይ በምትሰካ ትንሽ የነሐስ ኮከብ መካከል ነው። ብሮንዝ ስታር ከ1944 ጀምሮ የሚሰጥ ራሱን የቻለ ሜዳሊያ ነው፤ ሪባኑ ቀይ ሆኖ መሐሉ ላይ ነጭ ጠርዝ ያለው ሰማያዊ መስመር አለው። ትንሿ የነሐስ ኮከብ ግን በዘመቻ ሜዳሊያ ሪባን ላይ የምትሰካ ሲሆን ወታደሩ በአንድ ዘመቻ መካፈሉን ብቻ ትናገራለች። የአገልግሎት ወረቀት ላይ “ሁለት የነሐስ የአገልግሎት ኮከብ” የሚል አንብቦ “ሁለት ብሮንዝ ስታር ተሸልሟል” ብሎ የሚጽፍ ሰው ብዙ ነው። ሲልቨር ስታርም (ትርጉሙ “የብር ኮከብ”) እንደዚሁ ነው፤ በውጊያ ላይ ለታየ ጀግንነት የሚሰጥ ከፍተኛ ሜዳሊያ እንጂ ሪባን ላይ የምትሰካው የብር ኮከብ አይደለም።

2. ፊደል ካለ ፊደሉን አንብቡ

ፊደሎቹ ሽልማቱ በምን ሁኔታ እንደተገኘ ይናገራሉ። ቁመታቸው 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው።

“ቪ” (V) የሚባለው የላቲን ፊደል የጀግንነት ምልክት ነው። ወታደሩ ከጠላት ጋር በተደረገ ውጊያ የጀግንነት ተግባር መፈጸሙን ያሳያል። ብሮንዝ ስታር ላይ ይህ ፊደል ከሌለ ሜዳሊያው ለጥሩ አገልግሎት የተሰጠ ነው ማለት ነው። ይህም ቢሆን ክብር ያለው ሽልማት ነው፤ ለምሳሌ በ1947 በወጣ ውሳኔ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተዋጊ እግረኛ ባጅ ያገኙ ወታደሮች ያለ ፊደሉ ብሮንዝ ስታር እንዲያገኙ ተፈቅዷል። ሲልቨር ስታር ላይ ፊደሉን አትፈልጉ፤ ሜዳሊያው ራሱ ለጀግንነት ብቻ ስለሚሰጥ ምልክት አያስፈልገውም።

“ሲ” (C) እና “አር” (R) የተጨመሩት በጥር 2016 በወጣው የመከላከያ ሚኒስቴር ውሳኔ ነው። “ሲ” የጠላት ጥቃት በቀጥታ በደረሰበት ወይም ከባድ የጥቃት ስጋት ባለበት ቦታ ሆኖ ለተሠራ ጥሩ ሥራ ይሰጣል፤ ጀግንነት ግን አይጠይቅም። “አር” ደግሞ ከጦር ሜዳው ርቆ ሳለ በሥራው በውጊያው ላይ ቀጥተኛ ውጤት ላመጣ ሰው ነው፤ ከሌላ አህጉር ድሮን የሚያበር ወይም የሳይበር ሥራ የሚሠራ ወታደር ጥሩ ምሳሌ ነው። ኮሜንዴሽን በሚባለው ሜዳሊያ ላይ ሦስቱንም ፊደላት ልታገኙ ትችላላችሁ፤ በብሮንዝ ስታር ላይ ግን “ቪ” ብቻ ነው የሚፈቀደው።

እዚህ ላይ ዓመቱን ማየት ግድ ነው። ከ2016ቱ ለውጥ በፊት ባሕር ኃይሉና ማሪኑ (የባሕር እግረኛ ጦሩ) “ቪ”ን የሚሰጡት ለጀግንነት ብቻ አልነበረም፤ በውጊያ ቀጥተኛ ተካፋይ ሆኖ ጥሩ ላገለገለም ይሰጡ ነበር። ምድር ጦሩ ግን ለጀግንነት ብቻ ነበር የሚጠቀምበት። ስለዚህ በ2005 የተሸለመ ማሪን ሜዳሊያ ላይ “ቪ” ስላያችሁ ብቻ “የጀግንነት ሽልማት ነው” ብላችሁ አትደምድሙ፤ የሽልማቱን ጽሑፍ አንብቡ። የማሪኖች አቺቭመንት ሜዳሊያ ላይ የድሮ “ቪ” ማየት ትክክል ሊሆን ይችላል፤ የምድር ጦሩ አቺቭመንት ሜዳሊያ ላይ ካያችሁት ግን አንድ ነገር ተሳስቷል።

3. ቅጠሉንና ኮከቡን ቁጠሩ፣ ለኩ

ምድር ጦርና አየር ኃይል አንድን ሜዳሊያ ደጋግሞ ላገኘ ሰው የኦክ ቅጠል ይሰጣሉ። አንድ የነሐስ ቅጠል አንድ ተጨማሪ ሽልማት ነው፤ አንድ የብር ቅጠል አምስት የነሐስ ቅጠሎችን ይተካል። የመጀመሪያው ሽልማት ምልክት የለውም። ብዙ ሰው የሚስተው ይህንን ነው፤ ሁለት ቅጠል ያለበት ሪባን ሦስት ሽልማት ነው። አንድ የብርና ሁለት የነሐስ ቅጠል ካለ 5 ሲደመር 2፣ ከመጀመሪያው ጋር 8 ይሆናል። ከጎኑ “ቪ” ቢኖር ደግሞ ከስምንቱ ቢያንስ አንዱ ለጀግንነት ነው ማለት እንጂ ስምንቱም ማለት አይደለም።

ባሕር ኃይል፣ ማሪንና የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ለተመሳሳይ ዓላማ የወርቅ ቀለም ያለው ኮከብ ይጠቀማሉ፤ የብሩ ኮከብ አምስት ወርቁን ይተካል። ማስመሪያው የሚያስፈልገው እዚህ ነው። የተደጋጋሚ ሽልማት ኮከብ ስፋቱ 8 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን የዘመቻ ኮከብ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በፎቶ ግራፍ ላይ ሁለቱ በቀላሉ ይምታታሉ። የኮሪያ አገልግሎት ሜዳሊያ 10 ዘመቻዎች ስላሉት በሪባኑ ላይ የብር ኮከብ ብታዩ አምስት ዘመቻ ማለት ነው።

የቀስት ጫፍ የመሰለች የነሐስ ምልክት ደግሞ ወታደሩ በፓራሹት፣ በግላይደር (ሞተር በሌለው አውሮፕላን) ወይም ከባሕር በተደረገ የማጥቃት ዘመቻ መካፈሉን ትናገራለች።

4. አቀማመጡን አረጋግጡ

ደንቡ የሚናገረው በለባሹ ቀኝ ነው፤ ፊት ለፊት ለሚያይ ሰው ግራ ይሆናል። በምድር ጦር ሪባን ላይ “ቪ” ከቅጠሎቹ በለባሹ ቀኝ በኩል ይቀመጣል፤ የቅጠሎቹ ግንድም ወደ ለባሹ ቀኝ ይዞራል። ኮከብ አንድ ጫፉ ወደ ላይ ይሆናል። ተገልብጦ የተሰካ ቅጠል ሐሰተኛ ነው ማለት ላይሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ቤተሰብ በኋላ ራሱ የሰካው ነው።

5. ብረቱን በወረቀት አረጋግጡ

የሪባን ምልክቶች በሱቅ ይሸጣሉ፤ ስለዚህ ብረት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ማስረጃው ቁጥርና ቀን ያለው የሽልማት ትእዛዝና አብሮት የሚሰጠው የተግባሩ መግለጫ ነው። ከጦሩ የተሰናበተ ሰው ዲዲ 214 በሚባለው የስንብት ወረቀት ሽልማቶቹ ይዘረዘራሉ፤ በአሁኑ ቅጽ ሣጥኑ 13ኛው ነው።

ወረቀቱ ከጠፋ በሴንት ልዊስ ያለውን ብሔራዊ የሠራተኞች መዝገብ ማዕከል በኤስኤፍ 180 ቅጽ ጠይቁ። ከተሰናበተ 62 ዓመት ያለፈው ወታደር ፋይል ለማንም ክፍት ነው፤ ከዚያ ላነሰው ጠያቂው ራሱ ወታደሩ፣ ወይም ከሞተ ሌላ ያላገባች የትዳር ጓደኛ፣ ወላጅ፣ ልጅ፣ ወንድም ወይም እኅት መሆን አለበት። የልጅ ልጅ በዚህ ውስጥ አይገባም። በሐምሌ 1973 በማዕከሉ የተነሣው እሳት ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን ፋይሎችን አጥፍቷል፤ ከ1912 እስከ 1960 መግቢያ ከምድር ጦር የተሰናበቱት ሰዎች ፋይል 80 በመቶው ያኔ ነው የጠፋው። “ፋይል የለም” የሚል መልስ ቢመጣ “ሽልማት የለም” ማለት አይደለም።

የቃኘው ሻለቃ ዘማቾች በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ስለተዋጉ አንዳንዶቹ የአሜሪካን ሲልቨር ስታርና ብሮንዝ ስታር ተሸልመዋል። የእነሱ የአገልግሎት ፋይል ግን ሴንት ልዊስ አይገኝም፤ የኢትዮጵያ ጦር አባላት ነበሩና። እዚህ የሚፈለገው የአሜሪካው ጦር ያወጣው የሽልማት ትእዛዝ ነው፤ ብሮንዝ ስታሩ ላይ “ቪ” መኖር አለመኖሩን የሚወስነውም የዚያ ትእዛዝ ቃል ነው። አብሯቸው የሚገኘው “ኮሪያ” የሚል የአማርኛ ጽሑፍ ያለበት ሜዳሊያ የተባበሩት መንግሥታት ነው፤ የአሜሪካ ምልክቶች ደንብ አይመለከተውም።

ትእዛዙ ፊደሉን ይዞ ዲዲ 214 ከዘለለው ወታደሩ ወይም ቤተሰቡ የትእዛዙን ቅጂ አያይዘው እርማት ይጠይቁ። ማስተካከያው የሚወጣው ዲዲ 215 በሚባል ተጨማሪ ወረቀት ነው፤ አሮጌው ላይ በእጅ ምንም አትጻፉበት።