በወረርሽኝ ጊዜ የጥርስ ሕክምና፦ ርጭቱን መቀነስ

በትንፋሽ የሚተላለፍ በሽታ ሲዛመት ዋናው ስጋት መሰርሰሪያውና በአልትራሳውንድ ንዝረት የሚሠራው የጥርስ ማጽጃ የሚያስነሱት ደቃቅ ርጭት ነው። ሊዘገይ የሚችል ሕክምና ይዘግይ፤ የፊት እብጠትና የማይቆም መድማት ግን ቀጠሮ አይጠብቁም።

የጥርስ ድንጋይን በእጅ መሣሪያ ያንሱ። መሰርሰር ግድ ከሆነ ጥርሱን ከቀረው አፍ በላስቲክ ሽፋን ይለዩ፤ ረዳትዎም ኃይለኛውን መምጠጫ ከመሰርሰሪያው ጫፍ አጠገብ ይያዝ። ቀጭኗ የምራቅ መሳቢያ ብቻዋን አትበቃም፤ እንዲያውም ታካሚው ከንፈሩን ከገጠመባት በቱቦው ውስጥ ያለው ፈሳሽ ወደ አፉ ሊመለስ ይችላል።

ታካሚው ሲወጣ ለማጽዳት አይቸኩሉ። አየሩ በሰዓት 6 ጊዜ በሚለወጥበት ክፍል የተንሳፈፈው 99 በመቶ እስኪወገድ 46 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ 12 ጊዜ ከሆነ 23። ከዚያ ወንበሩንና ጠረጴዛውን በሳሙና ይጠቡ፤ ቀጥሎ 1 እጅ ባለ 5 በመቶ በረኪና በ49 እጅ ውሃ በጥብጠው ይወልውሉ። ቆሻሻ ላይ ያረፈ በረኪና ኃይሉን ያጣል።