ሳይክላመንን ከዓመት ዓመት ማቆየት

በእስራኤል ረቀፈት የሚሏት ሳይክላመን የተባለችው የማሰሮ አበባ በብርዱ ወራት አብባ ስትሸጥ ብዙ ሰው ይገዛታል፤ በሚያዝያና በግንቦት ቅጠሏ ቢጫ ሆኖ ሲረግፍ ደግሞ ሞተች ብሎ ይጥላታል። ነገር ግን ያን ጊዜ የተጣለችው ተክል ብዙውን ጊዜ ተኝታለች እንጂ አልሞተችም።

በቤት የምናሳድጋት ዝርያ በዱር የምትበቅለው በገሊላና በቀርሜሎስ ኮረብታዎች፣ በሊባኖስ፣ በቆጵሮስና በቱርክ፣ በድንጋይና በቁጥቋጦ መካከል ነው። በዚያ ዝናቡ የሚጥለው በብርዱ ወቅት ሲሆን፣ እኛ ጭቃና ጎርፍ የምንጠብቅበት ሐምሌ ለእሷ የድርቅ ወር ስለሆነ፣ ድንች በሚመስለው ሥሯ ውስጥ ስንቋን ይዛ ትተኛለች። ከዘመዶቿ አንዷ በሰሜን ምሥራቅ ሶማሊያ ተራሮች ላይ መብቀሏንም እግረ መንገዴን ልጥቀስ።

እንግዲህ ቀዝቀዝ ያለና ብርሃን የሚገባበት፣ ፀሐይ ግን በቀጥታ የማያገኘው ቦታ ይመረጥላታል። ከ10 እስከ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይስማማታል፤ ከዚያ በላይ ሲሞቅ አበባዋ ቶሎ ይጠወልጋል፣ ቅጠሏም ይገረጣል። በማሞቂያ አጠገብ ከማስቀመጥ ይልቅ ማንም የማይቀመጥበት ብርዳም ክፍል ይሻላታል።

አብዛኛውን ጥፋት የሚያመጣው ውኃ ነው። እኔ የመጀመሪያዋን ያጣሁት በየማለዳው ከላይ በማጠጣት ነበር፤ ውኃው ቅጠሎቹ በሚወጡበት መሐል እየተጠራቀመ ግራጫ ሻጋታ አበቀለ፣ ሥሩም እንደ በሰበሰ ድንች ለጣት የሚሟሽሽ ሆነ። ስለዚህ የአፈሩ ገጽ ሲደርቅና ማሰሮው ሲያነሡት ሲቀልል፣ ውኃ ባለበት ሳህን ላይ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ አስቀምጦ ከሥር እንድትጠጣ ማድረግ፣ ከዚያም የተረፈውን መድፋት ይገባል። አበባ ላይ ሳለች በየሁለትና ሦስት ሳምንቱ ናይትሮጅኑ ያልበዛ ማዳበሪያ በስሱ በጥብጦ መስጠት ይበቃል።

የጠወለገ አበባና ቅጠል በመቀስ አይቆረጥም፤ የሚቀረው ጉቶ ይበሰብሳልና። ዘንጉን ከታች በኩል ይዞ ጠምዘዝ እያደረጉ በአንድ ጊዜ ሳብ ሲያደርጉት ከነመነሻው ይላቀቃል።

ቅጠሏ በራሱ ጊዜ ቢጫ መሆን ሲጀምር ውኃውን ቀስ በቀስ ቀንሶ ማቆም፣ ማሰሮውንም ጥላና አየር ባለበት ደረቅ ስፍራ ማሳረፍ ያስፈልጋል። አፈሩ ዱቄት እስኪሆን እንዳይደርቅ አልፎ አልፎ ጥቂት ጠብታ ማድረግ ጉዳት የለውም። ይህ ሥር መርዝነት ስላለው ድመት፣ ውሻና ሕፃን ከማይደርሱበት መቀመጥ አለበት።

በመስከረም ግድም ሥሩን አውጥቶ ለስላሳውንና የበሰበሰውን መለየት፣ ጠንካራውን ደግሞ አሸዋ በተቀላቀለበትና ውኃ በማይቋጥር አፈር ውስጥ፣ የላይኛው ሲሶ ከአፈር በላይ እንዲታይ አድርጎ መትከል ነው። ማሰሮው ከሥሩ ጥቂት ብቻ ይስፋ፤ በጣም ሰፊ ማሰሮ እርጥበት ያቁራል። ከዚያ በኋላ ውኃው በጥቂቱ ይጀመራል። በሥሩ አናት ላይ የመርፌ ራስ የሚያክሉ ቀላ ያሉ ቡቃያዎች ብቅ ብለው ትናንሽ ቅጠል እስኪዘረጉ ድረስ መጠኑን መጨመር አያስፈልግም።